ጥለቱን ትተሽ አሠራሩን እዪ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ። መልስ ሰጪው ደብረ ብርሃን ውስጥ ታፔላ በእጃቸው እየጻፉ የኖሩ ሠዓሊ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ ባነርና የሱቅ ሎጎ የምሠራ ልጅ ነኝ። በቅርቡ ደብረ ሲና ያሉ ቆሎና በሶ የሚያዘጋጁ ሴቶች የማሸጊያ ዲዛይን እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ደስ ብሎኝ ነበር የጀመርኩት። ግን ኢንተርኔት ከፍቼ ባየሁ ቁጥር የማወጣው ሁሉ አንድ ዓይነት እየሆነ ተቸገርኩ፤ ጀበና፣ መሶብ፣ ከዳር ደግሞ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ ሙዚየም ይገባሉ፣ ኤግዚቢሽን ያያሉ። እኔ እዚህ ምን አይቼ ሐሳብ ላግኝ? ሐሳቤ ነጥፏል።
ግራ የገባኝ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ልጄ፣ ጀበናና መሶብ ምን በደሉሽ? አሁን የምትሥዪው እኮ ሌላ ሰው ሥሎ የጨረሰውን ሥዕል ነው። ራሱን መሶቡን ቀርበሽ ካየሽው ስንት ጊዜ ሆነሽ? እናትሽ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰፌድ ወይም ጥግ የተቀመጠ መሶብ አይጠፋም። አንሺውና ብርሃን ያለበት ቦታ ቁጭ በይ።

ከመሃሉ ጀምሪ። ውስጡ አክርማ ነው፤ እሱን አቅፎ የሚዞረው ደግሞ ስንደዶ። ሰፊዋ በወስፌ ትወጋለች፣ ስንደዶውን ታሾልካለች፣ የፊተኛውን ዙር አስነክሳ ታጠብቃለች። እንዲህ እያለች ዙር በዙር ላይ ትደርባለች። ቀለም መለወጥ የምትችለው በዚያች ጠባብ ዙር ላይ ብቻ ነው። ሰያፍ መስመር ያሰኛት እንደሆነ ቀጥ አድርጋ ማስመር አትችልም፤ በየዙሩ ቀለሙን ጥቂት ስፌት ወደ ጎን ገፋ ታደርገዋለች። የመሶብ ጥለት ጠርዙ ደረጃ ደረጃ የሚሆነው ለዚህ ነው። ቀጥሎ ክቡ ወደ ዳር እየሰፋ ሲሄድ የሚሆነውን አስተውዪ። በስምንት ጨረር ከጀመረች ዳር ስትደርስም ስምንት ነው፤ የሚለወጠው የእያንዳንዱ ስፋት ነው። መሃል ላይ ቅጥን ብሎ የተነሣው ዳር ላይ እጅ ያህል ይሰፋል። ቆጠራው ከተዛባ ደግሞ ዙሩ ሲዘጋ ጥለቱ እርስ በርሱ አይገጥምም፤ ያኔ መፍታት ነው። ይኼን ሁሉ በወረቀት ነድፎ የሰጣት የለም።

እንግዲህ የኔ ምክር አንድ ነው። ዕቃውን ስታዪ «ምን ይመስላል?» ብለሽ ከቆምሽ የምትወስጂው ሥዕሉን ብቻ ነው፤ እሱንማ ሁሉም ወስዶታል። «ለምን እንዲህ ሆነ?» ካልሽ ግን አሠራሩን ታገኚያለሽ፤ አሠራሩን ይዘሽ ደግሞ እስከዛሬ ማንም ያልሠራውን ጥለት መሥራት ትችያለሽ። ለምሳሌ የበሶው ዕቃ ክዳኑ ክብ ከሆነ፣ ከመሃል ተነሥቶ ዙር በዙር የሚያድግ፣ ጠርዙ ደረጃ የሆነ፣ ቁጥሩ የማይለወጥ ጥለት ንደፊ። አንዲት መሶብ ሳትሥዪ ያየው ሰው ሁሉ የእናቱ ቤት ትዝ ይለዋል።

ከዚያ ጉዞ ከቀናሽ ወደ መንዝ ውጪ። ከበግ ፀጉር የሚሠሩትን ባናውንና ዝተቱን እዪ፣ ከተገኘ አሮጌ በርኖስም ገልብጠሽ እዪ። እዚያ ጥቁሩ ጥቁር የሆነው በጉ ጥቁር ስለሆነ ነው። ፀጉሩ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ ይባዘታል፣ ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ሸማኔው ይሠራዋል፤ በመሃል ማቅለሚያ የሚባል ነገር አይገባበትም። ኮምፒውተርሽ ከ16 ሚሊዮን በላይ ቀለም ይሰጥሻል፤ የመንዝ በግ የሚሰጠው ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡናማና ዳለቻ ነው። ሸማኔው በነዚህ ምን ያደርጋል? የመስመሩን ስፋት ይለዋውጣል። አንዱን ሰፊ፣ አጠገቡ ያለውን ቀጭን፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሁለቱን ክር አደባልቆ። ብርድ ልብስ ሆኖ ቤት ውስጥ ዕድሜ ልክ ሲታይ የማይሰለች ነገር ነው፤ ቢያንስ እኔን አልሰለቸኝም። አሁን ቢሮው ሁሉ ላይ የሚለጠፈው ባለ ሰባት ቀለም ባነር ግን ገና ሳይደርቅ ይሰለቸኛል። (ባነር የሚያትሙ ወዳጆቼ ይቅር ይበሉኝ።)

አንቺም ከሥራሽ በፊት ለራስሽ እንደ በጉ ጥቂት ቀለም ብቻ ወስኚ። የገብሱን ቆሎ፣ ሽምብራውን፣ የሱፉን ፍሬ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርዝረሽ ፀሐይ ላይ አስቀምጪው። ገብስ ሲቆላ አንድ ቀለም የለውም፤ ከገለባ ቢጫ ተነሥቶ ጫፉ ላይ እስከሚጠቁረው ድረስ ይሄዳል። ከዚያ ውስጥ ሦስት ብቻ ምረጪ። ማሸጊያሽ ውስጡ ያለውን ሲመስል ሰው ያምነዋል።

ሙዚየም የለም ላልሽው፣ እስቲ አንኮበርን አስቢ፤ ካንቺ ሩቅ አይደለም። ሠዓሊው ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያ ነው። ወደ እንግሊዝ አገር ሲላኩ የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠኑ ነበር፤ ወደ ሥዕል አዘነበሉ። ሲመለሱ አገሩን ዞሩ፤ ገበሬውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ልብሱን አዩ። የመስታወት ሥዕል ሊማሩ ዳግመኛ አውሮፓ በሄዱ ጊዜም በዚያ ቤተ መጻሕፍት ያሉ የኛን ብራናዎች አጠኑ። (የራሳችንን መጽሐፍ ለማየት ባሕር መሻገር! እሱ ሌላ ጨዋታ ነው።) አዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥራቸው ፊት ስትቆሚ ቀለሙን የሚያካፍለውን ጥቁር መስመር ልብ በይ። ብራና ላይ ያለ የቅዱሳን ሥዕልም እንዲሁ በጥቁር መስመር የተከበበ ነው፤ መስታወት ደግሞ ቁርጥራጩን የሚይዝ መስመር ግድ ይለዋል። ሁለቱ የተገናኙት እዚያ ላይ ነው። በሰላሌ በኩል ያለፍሽ እንደሆነም ደብረ ሊባኖስ ጎራ በይ፤ እዚያም የሳቸው የመስታወት ሥዕል አለ።

ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ደግሞ የብረት በሮችን እያየሽ ሂጂ። የጋራዥና የግቢ በር ላይ ያለው ጥምዝምዝ ብረት ሁሉም እኩል የሚጠመዘዘው ለምን ይመስልሻል? ብየዳ ቤት ገብተሽ እዪ፤ ልጁ ፌሮውን በአንድ ቧንቧ ላይ ጠምዝዞ ነው የሚያወጣው፤ ቧንቧው ካልተቀየረ ክቡ አይቀየርም። ከዚያ ያንኑ አንድ ጥምዝ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ጀርባ ለጀርባ እያደረገ ይበይደዋል። በአንዲት ቅርጽ ብቻ አንበሳ የሚያህል በር ያስጌጣል። በሩ ሁለት ተከፋች ስለሆነም ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ነው። የሎጎ ትምህርት ብለው ገንዘብ ከሚያስከፍሉት ብዙ ነገር ከዚህ በር ላይ በነፃ ታገኚያለሽ።

ከከተማ ወጣ ካልሽ ደግሞ የኩበት ክምሩን አትለፊው። ለበሶ ማሸጊያ ኩበት መከረኝ ብለሽ እንዳትስቂብኝ። እያንዳንዱ ኩበት ላይ የጠፈጠፈችው ሴት ጣት ታትሟል፤ ቅርጹ አንድ ነው፣ አንዱ ግን ካንዱ ቁርጥ አይመሳሰልም። ሲደርቅ በሥርዓት ይደረደራል፣ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል፣ ዝናብ እንዳይገባው ውጭው በእበት ይለሰናል። ኮምፒውተር ላይ አንድ ቅርጽ ሠርተሽ መቶ ጊዜ ስትደግሚው የሚጎድለው ያ የጣት ልዩነት ነው። ድንች ለሁለት ቆርጠሽ ቅርጽ አውጪበት፣ ቀለም ነክረሽ ወረቀት ላይ ደጋግመሽ አትሚ፣ ከዚያ አንሥተሽ ወደ ኮምፒውተር አስገቢው። ልዩነቱን ወዲያው ታዪዋለሽ።

ስለ ፊደሉ ትንሽ ልናገር፤ የኔ እንጀራ ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፈውም። ለባነር የምትጠቀሙባቸው ፎንቶች ብዙዎቹ ቋሚውንም አግዳሚውንም እኩል ያወፍራሉ። የብራና ጸሐፊ በመቃ ብዕር ሲጽፍ ቋሚው ይወፍራል፣ ማያያዣው ይቀጥናል፤ እኛም በጠፍጣፋ ብሩሽ ታፔላ ስንጽፍ ያንኑ ነበር የምንከተለው። ዓይን በወፍራሙ ላይ እየተረማመደ ቶሎ ያነባል። ሌላው፣ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። ጸሐፊዎቹ አንድን ስም ከሌላው ማክበር ሲፈልጉ ቀለሙን ወደ ቀይ ይለውጣሉ፤ የፈጣሪና የቅዱሳን ስም በቀይ የሚጻፈው እንዲህ ነው። ነጥቦቹን እንኳ በጥቁርና በቀይ ያሳምሯቸዋል። አንቺም «በሶ» የሚለውን ለማጉላት ጥላ፣ ጠርዝና ብልጭታ አትደርድሪበት። አንድ ቀለም ለውጪና ሌላውን ሁሉ በጥቁር ተዪው።

የደብረ ሲናዎቹ ቆሎ የት እንደሚሸጥ ደግሞ አትርሺ። ጣርማበርን የወረደ አውቶቡስ ሲቆም ሻጮቹ ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ፤ ተሳፋሪው ከላይ ወደ ታች ያያል፣ ሹፌሩ ክላክስ ያደርጋል፣ ሒሳብ በችኮላ ይሰጣል። ማሸጊያሽ የሚታየው ለዚያች ቅጽበት ነው። ስለዚህ ስሙ በትልቁ ይሁን፤ ቆሎው ራሱ የሚታይበት ገላጣ ቦታ ተዪለት፤ የቀረው ስልክ ቁጥሩም፣ አድራሻውም፣ የተዘጋጀበት ቀንም ከጀርባ ይሂድ። ስትጨርሺ በልኩ አትመሽ አንድ ሱቅ መስኮት ላይ ለጥፊውና መንገዱን ተሻግረሽ ቁሚ። ከማዶ ካልተነበበ እንደገና ሥሪው።

አንድ ነገር ልጨምር። ይኼን ሁሉ ስትዞሪ ስልክሽን ኪስሽ ውስጥ አድርጊው። ፎቶ ያነሣ ሰው አየሁ ብሎ ይሄዳል። ደብተርና እርሳስ ያዢ። ሥዕልሽ አያምርም? አይመር፤ ስትሥዪ ዓይንሽ ስፌቱን ይቆጥራል፣ የተፈለገው እሱ ነው። ሠሪውንም አነጋግሪ። «እማማ፣ ይኼ ቀይ ለምን እዚህ ላይ ቆመ?» ብትያት የምትነግርሽን ኢንተርኔት ላይ አታገኚውም። አንዳንዴ መልሷ «ቀዩ አለላ (ቀለም የተነከረው ስንደዶ) አልቆብኝ ነው» ይሆናል። እሱም ጥሩ መልስ ነው፤ ባለቀበት ላይ ምን እንደተካች ጠይቂያት።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። በመሐል ሜዳ አካባቢ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ሥዕል እንዳስተምር ተመድቤያለሁ። ቀለም የለም፣ ብሩሽ የለም፣ ወረቀቱም ለፈተና እንኳ አይበቃም። ልጆቹ የሚሥሉት ሁልጊዜ ባንዲራ፣ ቤትና አበባ ነው። ምን ባደርግ ይሻላል?
መምህሩ፣ ከመንዝ

መልስ፦ መምህር፣ ያሉበት አገር ለዚህ ትምህርት ከኔ ከተማ ይሻላል። የምድጃ ከሰልና የካርቶን ጀርባ ካለ ሥዕል አለ። ቀይና ነጭ አፈር በውኃ በጥብጠው ቢያጠሩት ቀለም ይወጣዋል፤ ትንሽ ሙጫ ጣል ቢያደርጉበት ደግሞ አይራገፍም።

ባንዲራና አበባ የሚሥሉት ሌላ ሥዕል ስላላዩ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ በእጅ የተሠራ አንድ ነገር ይዞ ይምጣ ይበሉ፤ ማንኪያ፣ ጅራፍ፣ ሙዳይ፣ እንዝርት፣ ያባቱ ገሳ። ዕቃውን ይሣል፤ ከሥዕሉ በፊት ግን ማን እንደሠራው፣ ከምን እንደተሠራ ተነሥቶ ይናገር። እንዝርት ያመጣችው ልጅ ክሩ ሲጠመዘዝ የሚሠራውን ጠመዝማዛ ሳትሥል አታልፍም።

የጓሳ ሣር ምድርማ እደጃችሁ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ እንደሚሆን ልጆቹ ከርስዎ ይልቅ ያውቃሉ። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ራሱ ሕግ አውጥቶ፣ ለዓመታት ዘግቶ፣ ሲደርስ ከፍቶ እያጨደ ያቆየው መሬት መሆኑን ግን ከሥዕሉ ጋር አያይዘው ያስተምሯቸው። አንድ ክፍለ ጊዜ ገመድ ያስፈትሏቸው። ሁለት ዘለላ ለየብቻው ወደ አንድ አቅጣጫ ይከረራል፣ ከዚያ ሁለቱ ተጣምረው በተቃራኒው ይጠመዘዛሉ፤ አንዱ ልፈታ ሲል ሌላው ስለሚይዘው ገመዱ አይተረተርም። ያን ገመድ አጉልተው በከሰል ይሣሉት። የብራና መጽሐፍ ጌጥ በሆነው ሐረግ ላይ ያለው ጥልፍልፍ ከዚያ በኋላ አይከብዳቸውም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሸዋ ሮቢት ልብስ ሰፊ ነኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅህ። የመስቀል ቅርጽ ከመጾር መስቀል ላይ ወስጄ ምንጣፍና ቦርሳ ላይ ላትመው አስቤ አንዳንዱ ነውር ነው አለኝ። ደግሞ አንድ ሸማኔ የሠራውን ጥለት ፎቶ አንሥቼ በማሽን ላሳትመው እችላለሁ? ሕጉስ ምን ይላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምንጣፉን ተወው። ሰው የሚሳለመውን ነገር ሰው በሚረግጠው ላይ አታድርግ፤ ገበያህም አይወጣም። ቦርሳው ላይም ቢሆን መስቀሉን እንዳለ ከማንሣት የተሠራበትን ጥልፍልፍ ተከተል። አንድ መስመር ሳይቋረጥ ከላይ እያለፈ፣ ከታች እየገባ ራሱን ይቋጫል። መስቀል ሳታደርገው ካሬ ውስጥም፣ በረጅም ጠርዝ ላይም ይሠራል።

የሸማኔውን ነገር ግን በቀላሉ አላየውም። ያ ሰው ድሩን እየቆጠረ፣ ለጥለቱ የሚሆነውን ክር ከማጉ ጋር ለየብቻ እያስገባ ነው የሠራው። ሕጉን ካነሣህ፣ ስለ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ የወጣው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው፤ ንድፉ አዲስ ከሆነና ከተመዘገበ በቅድሚያ ለ5 ዓመት ይጠበቃል። የቅጂ መብቱ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ሁለቱንም የሚመለከተው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ስለሆነ ለመመዝገብም ለመጠየቅም እዚያ ነው የሚኬደው። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣና ሁሉም የሚሠራው ጥለት አዲስ አይባልም፤ ሸማኔው ራሱ አስቦ ያወጣው ግን ሌላ ነው። የትኛው እንደሆነ ደግሞ ካንተ ይልቅ እሱ ያውቃል።

ስለዚህ ፎቶውን ከማንሣትህ በፊት ጠይቀው። ይሁን ካለህ አንድ ክንድ ናሙና አሠራውና ሙሉ ዋጋውን ክፈለው፤ የሚሸጠው ዕቃ ላይም ስሙን ጻፍለት፣ በየስንት ብዛቱ ምን ያህል እንደሚያገኝ በወረቀት ተፈራረሙ። አይሆንም ካለህ ግን ጥለቱን እዚያው ተውና የራስህን አውጣ። በስፌት መኪናህ ቀጥ ያለና የዚግዛግ ስፌት ብቻ ቢኖርህ እንኳ በነዚያ በሁለቱ ምን ያህል እንደምትሄድ መጀመሪያ አንድ ቁራጭ አቡጀዲ ላይ ሞክር፤ ለእኔም ቁራጩን በፖስታ ላክልኝ።